ለብረት የተቀባ የወጥ ዘይት

በዚህ ነገር ውስጥ የነበርነው አራት ሰዎች ነን፤ በቅርቡ የቀበርናቸው አጎቴ፣ እኔ፣ ባለቤቴ አስካለና የጭነት መኪና ሾፌሩ ታፈሰ።

አጎቴ ከእኛ ጋር እየኖሩ ጋራዥ ውስጥ ይሠሩ ነበር። በብረት ውስጥ የተደበቀ ስንጥቅ በድምፅ ሞገድ የሚፈልገው መሣሪያ በእጃቸው ነበር። መሣሪያው ብረቱ ቅባት ካልተቀባ አይሠራም። የጋራዡ ቅባት ባለቀ ቁጥር፣ ቀራንዮ ሰፈር ካለው የቀበሌ ሱቅ ተሰልፈን ያመጣነውን ዘይት በኮት ኪሳቸው ሸጉጠው ይወጣሉ!

አንድ ቀን በር ላይ ያዝኳቸው። «ጋሼ፣ የልጆቹ ወጥ በምን ይሠራ?»

«ለሳምንት በውኃ ይቀቀልላቸው። የታፈሰ መኪና ነገ ይወጣል።»

«መኪናው ደህና ነው አይደል?»

«ደህና የሚመስለውን ነው መጠየቅ!» አሉኝ። የዘወትር አነጋገራቸው ነበር፤ ያበሳጨኝም ነበር።

አስካለ አኮረፈች። እኔም ለልጆቼ፣ ሳያስፈቅዱ መውሰድ ሌብነት ነው ብዬ እሳቸው እየሰሙ አስተማርኩ። ዛሬም ሌብነት ነው እላለሁ። ነገር ግን በዚያ ዘይት የመኪናው የፊት ጎማዎች የተያዙበት ብረት፣ አክስሉ፣ ውስጡ ተሰንጥቆ ተገኘ። ታፈሰ በማግስቱ የጣርማ በርን ቁልቁለት ሊወርድበት ነበር።

አሁን የዘይቱ ጠርሙስ ሞልቶ ተቀምጧል፤ ሸጉጦት የሚወጣ የለም። ለቅሶው ላይ ከሁላችን አብልጦ ያለቀሰው ታፈሰ ነው። ሳሰላው፣ ያ ቀን አራታችንን ያስከፈለን ግማሽ ሊትር ዘይትና የአንድ ሳምንት ኩርፊያ ብቻ ነው።