ከምሳ በፊት ጥላችሁ ወጥታችኋል

ቀራንዮ ውስጥ ባለ አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ነው የምሠራው። ሥራዬ ከተሰፋ ልብስ ላይ የተንጠለጠለ ክር መቁረጥ ነው። ትምህርቴ ሦስተኛ ክፍል ላይ ስለቀረ ጽሑፍ ያስቸግረኛል፤ ቁጥር ግን አልሳሳትም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። ዲግሪ አለኝ የሚል ሰው በቁጥር ምን እንዳደረገን ላወራ ስለሆነ ነው።

ድሮ ዘበኛው በር ላይ ደብተር ይዘው ያስፈርሙን ነበር። ኋላ የጣት አሻራ ማሽን ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ማሽኑ የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነው። ጠዋት አንድ ተኩል ስንገባ ሰባት ተኩል ይላል። "እማ፣ ስድስት ቀንሺለት" አለችኝ ልጄ፤ ለመድኩት። ማታ ስንወጣ ደግሞ አሥራ ሰባት ተኩል ይላል። አሥራ ሰባት የሚባል ሰዓት ያለው እሱ ዘንድ ብቻ ነው።

ፋይሌ ውስጥ ሁለት ማስጠንቀቂያ አለ። አንዱ ልጄ ታማ የቀረሁበት፣ ሌላው አየር ጤና ላይ ታክሲ አጥቼ ያረፈድኩበት ነው። ሦስተኛ ከተጨመረ ስንብት ነው። ልጆቼን ብቻዬን ነው የማሳድገው። ስለዚህ በየጠዋቱ ጣቴን ሳስነካ፣ ማሽኑ ጢው እስኪል ትንፋሼን እይዛለሁ።

አንድ ሰሞን መብራት ሁለት ቀን ጠፋና የማሽኑ ሰዓት ተዛባ። የሰው ሀብት ኃላፊው ባለሙያ መጥራት ውርደት መሰለው መሰለኝ፣ ክራባቱን ትከሻው ላይ ጥሎ ወንበር ላይ ወጣና የእጅ ሰዓቱን እያየ ራሱ ሞላው። የእጅ ሰዓቱ ደግሞ እንደ ሁላችንም በሀበሻ አቆጣጠር ነው። በማግስቱ ማሽኑ አንድ ተኩል አለ። ደስ አለኝ! ያንን ደስታዬን ሳስበው ዛሬም ራሴን እንቃለሁ።

"ይኸው ለእኛ ብለው በሀበሻ አደረጉልን" አልኳት አጠገቤ የምትቆርጠውን ጓደኛዬን።

"ተመስገን በይ፣ ቀስ እያለ ጉራጊኛም ይለምዳል" አለች።

ሳቅን። ሃያ ሁለት ሴቶች ነን፤ አንዳችንም ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ አልገባንም።

ከስምንት ቀን በኋላ ሰበሰቡን። ኃላፊው ለሃያ ሁለታችንም ማስጠንቀቂያ አድሎ ሲጨርስ፣ "ስምንት ቀን ሙሉ ከምሳ በፊት ጥላችሁ ወጥታችኋል" አለ። "ሲስተሙ አይዋሽም።"

ይህ ሰው በየቀኑ ከሰዓት በኋላ በመካከላችን እያለፈ "ፍጠኑ" ይለናል። በዓይኑ አይቶናል፣ በአፉ ሰድቦናል። ግን ዓይኑን ትቶ ወረቀቱን አመነ።

"እና ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ 'ወሬ አቁሚ' ያሉኝ መንፈሴን ነው?" አለች ጓደኛዬ። ሴቶቹ ሳቁ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም፤ እጄ ላይ ያለው ሦስተኛው ነው። እጄን አወጣሁ። የኃላፊው ዕድሜ የታናሽ ወንድሜ ነው፤ እኔ አንቱ እለዋለሁ፣ እሱ አንቺ ይለኛል።

"ጌታዬ፣ የወጣሁት ስንት ሰዓት ነው ይላል?"

"አሥራ አንድ ተኩል። በፈረንጅ ከረፋዱ ማለት ነው፤ ምሳ ሊደርስ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው።"

"የገባሁትስ?"

"አንድ ተኩል።"

"እሱም በፈረንጅ ከሆነ፣ ከምኑ ነው?"

ወረቀቱን አየ። መልሶ አየው። "ከሌሊቱ" አለ ቀስ ብሎ።

"ታዲያ በሌሊት ከዓለም ባንክ ሰፈር፣ ከቤቴ በእግሬ መጥቼ በሩን ማን ከፈተልኝ? የሞሉት እኮ በእጅ ሰዓትዎ ነው። እስኪ ይዩት።"

አየው። ጆሮው ቀላ። ከኋላ አንዷ "እልል በሉ፣ ሰዓት ማንበብ ተማረ" ስትል ሰማኋት።

"የቴክኒክ ችግር ነው። ደብዳቤው በሂደት ይነሳል" ብሎ ሄደ። በሂደት! የእኔ ስንብት በአንድ ቀን ይደርሳል፣ የእሱ ስህተት ሂደት ያስፈልገዋል። ሌሎቹ ወደ ሥራቸው ሲመለሱ እኔ ቢሮው ድረስ ተከተልኩት።

"ፋይሌ ውስጥ የገባውን ቅጂ አሁን ይቅደዱልኝ።"

"አንቺ ሴትዮ፣ አታምኚኝም?"

"አላምንዎትም።"

ከየት እንደመጣልኝ እንጃ። ካሁን አሁን አባረረኝ እያልኩ ቆምኩ። ከዚያ ወረቀቱን ከፋይሉ አወጣና ዓይኔ እያየ ለሁለት ቀደደው። ያን ጊዜ ወገቤን ሰብሬ፣ "እግዜር ይስጥልኝ ጌታዬ፣ ልጆችዎን ያሳድግልዎ" አልኩት። ሳያየኝ በእጁ ወደ በሩ ጠቆመኝ።

ወደ ቦታዬ ስመለስ ጓደኛዬ መቀሷን ሳታስቀምጥ፣ "ቀደደው?" አለችኝ።

"ቀደደው።"

"ይቅርታስ ጠየቀሽ?"

"መረቅኩት" አልኩና ቀጣዩን ሸሚዝ ሳብኩ።