አባቴ ከኢስትሊ ያመጣልኝ ጄድ

ባለፈው ወር አንድ አርብ ከሥራ ስገባ አባቴ ቤት የለም...

ስልኩ ዝግ ነው። አባቴ ሰባ አንድ ዓመቱ ነው፤ ከአዳማ ሊጠይቀኝ ናይሮቢ ከመጣ ገና ዘጠኝ ቀኑ። ከስዋሂሊ «ጃምቦ»ን ብቻ ነው የሚያውቀው። የግቢውን ጥበቃ ስጠይቀው «ሙዜ፣ አባትሽ፣ ከምሳ በፊት ነው የወጣው፤ የኢስትሊ ማታቱ ታክሲ የት ነው የሚቆመው ብሎ በእንግሊዝኛ ጠይቆኝ ነበር» አለኝ።

ኢስትሊ! ያ ሁሉ የገበያ ግርግር! ታክሲ ጠርቼ በር ላይ ስንቆራጠጥ፣ አባቴ ቦዳቦዳ ሞተር ላይ ተፈናጥጦ፣ ትልቅ ሄልሜት ደፍቶ፣ የኮቱን ኪስ በአንድ እጁ ጨብጦ ከች አለ።

«አባዬ! እንዴት ሳትነግረኝ ትወጣለህ? ልቤ ሊቆም ነበር እኮ!»

«ልጅ ነኝ እንዴ?» ብሎኝ በአጠገቤ አልፎ ገባ።

እራት ላይ ሁለታችንም አኩርፈን «ጨው አቀብይኝ» ከማለት ያለፈ ወሬ አልነበረንም።

ቅዳሜ ጠዋት ቁርስ አቅርቤ ስቀመጥ «ዓይንሽን ጨፍኚ» አለኝ። ጨፈንኩ። ጉንጬ ላይ የሆነ ነገር ሲለጥፍብኝ ጮህኩ... በረዶ!

አረንጓዴ አምባር ነው። «ጄድ!» አለኝ ደረቱን ነፍቶ። «ጄድ ቀዝቃዛ ነው አላልሽኝም?»

ብዬዋለሁ። ጄድ፣ ቻይናዎች የሚሞቱለት የከበረ ድንጋይ፣ መሰብሰብ ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። አባቴ በመጣ ሰሞን ስብስቤን እያሳየሁ፣ እውነተኛው መዳፍ ላይ ከበድ እንደሚል፣ ሰውነት ሲነካ እንደሚቀዘቅዝና ቶሎ እንደማይሞቅ ነግሬው ነበር። ከዚያ ሁሉ ትምህርት ቅዝቃዜውን ብቻ ነው የያዘው።

አምባሩን ሳገላብጠው ዳርና ዳሩ ላይ አመዳይ ይዟል። አንዱ ጎኑ ላይ ደግሞ... በርበሬ። በርበሬዬን የማስቀምጠው ፍሪዘር ውስጥ ነው።

«አባዬ... ፍሪዘር ውስጥ ነው እንዴ ያሳደርከው?»

«እንዳይሞቅብኝ ብዬ ነው» አለ፣ ዓይኑን ሻዩ ላይ ተክሎ።

ሳቄ መጣ። ግን ፊቱን ሳይ ዋጥኩት። ማጉያ መነጽሬን ይዤ ወደ መስኮቱ ሄድኩ። ውስጡ ድቡልቡል አረፋ ሞልቶታል። ብርጭቆ ነው። ጄድ ውስጥ እንዲህ ዓይነት አረፋ አይገኝም። ምን ልበለው አሁን?

«እሺ፣ እንዴት ነው?»

«በጣም ያምራል።»

«ያምራል ወይ አላልኩሽም። ሠላሳ ስምንት ዓመት ፈተና ያረምኩ ሰው ነኝ። ጥያቄውን የሚሸሽ ተማሪ አይጠፋኝም።»

«ብርጭቆ ነው አባዬ።»

የሻይ ብርጭቆውን ወዲያና ወዲህ ሲያዞር ቆየና «ስምንተኛ ክፍል እያለሽ የደፋሁብሽ ጣሳ ትዝ ይልሻል?» አለኝ።

ትዝ ይልሻል ወይ! ከአዋሽ ዳር የለቀምኳቸው ድንጋዮች ነበሩ፣ አንድ ሙሉ የወተት ጣሳ። የሚኒስትሪ ፈተና ሲደርስ «ድንጋይ የሚለቅም እብድ ብቻ ነው» ብሎ ሜዳ ላይ ደፋቸው። ሦስት ቀን አላናገርኩትም። ከዚያ ወዲህ ግን እሱም እኔም አንስተነው አናውቅም።

«ስብስብሽን ስታሳዪኝ ያ ጣሳ ዓይኔ ላይ መጣ። አንዷን እንኳ ልመልስላት ብዬ ነበር...» አለ።

እጁን ያዝኩት። እንባዬን ሲያይ ደነገጠና ቶሎ ተነሳ። «በይ፣ ልበሺ። አለያየቱን በደንብ አስተምሪኝና ወደ ገዛሁበት ሱቅ ተመልሰን እንሂድ።»

ሄድን። ባለሱቋ ሶማሌ ናት፤ አማርኛ ትሰባብራለች። አባቴን ስታይ ደነገጠች። ዕቃውን በጅምላ እንደገዛችና ራሷም እንደማትለየው ምላ ነገረችን። «አምባሩን ስጡኝ፣ የፈለጋችሁትን ውሰዱ» ብላ ትልቅ ትሪ አቀረበችልን።

አባቴ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። አንድ በአንድ እያነሳ መዳፉ ላይ ይመዝናል፣ ጉንጩ ላይ ያደርጋል፣ በማጉያው ያያል። «ወድቋል» ይልና ወደ ጎን ያስቀምጣል። «ይሄም ወድቋል።» «ይሄስ ከነጭራሹ ፕላስቲክ ነው!» ባለሱቋ በሳቅ ሞተች።

ከአንድ ሰዓት በላይ ከቆየ በኋላ ጥፍር የምታክል፣ ጠርዟ የተሸረፈ የሐብል ጌጥ አቀበለኝ። «ይቺ አልሞቅ አለችኝ።»

በማጉያው አየኋት። አረፋ የላትም። ውስጧ እንደታመቀ ጥጥ ጥቅጥቅ ያለ ነው። «አባዬ፣ ይቺ ሳታልፍ አትቀርም።»

ባለሱቋ ለልዋጩ እጇን ስትዘረጋ አምባሩን ወደ ቦርሳዬ ከተትኩትና ጌጧን በተናጠል ገዛኋት። ሰኞ መሃል ከተማ ለሚሠራ የድንጋይ መርማሪ አሳየናት። በመሣሪያው አይቶ «ጄድ ናት» አለ። አባቴ የዚያን ዕለት አዳማ ያልደወለለት ዘመድ የለም።

ችግሩ የመጣው በቀጣዩ እሁድ ነው። ከአምልኮ በኋላ አንዲት እህት ሰላም ስትለው እጇን አልለቅ አላት። የእጇን አምባር ቀስ አድርጎ መዘነና፣ ሰው ሁሉ እየሰማ «ልጄ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ግን ይሄ ነገር ቀለለኝ» አላት።

ወገኖቼ፣ አባቴ ወደ አዳማ እስኪመለስ ድረስ አምባር ያደረጋችሁ እህቶች ሰላምታችሁን ከሩቅ አድርጉት።