የአባቴ አናትና የተልባው ዘይት

ጥፋቱ የሐኪሙ ነው እላለሁ። አክስቴ ባለችበት፣ በአፍ ይሁን በሌላ ሳይለይ፣ «ቅባት ለአንጎል ጥሩ ነው» ይባላል?

ጦርነቱ ከከተማችን ከሐይቅ በወጣ በወሩ አባቴ በአንጎል ብግነት ታሞ ደሴ ሆስፒታል ተኛ። ሲወጣ ትኩሳቱ ለቆታል፤ እሱ ግን አልተመለሰም። አይናገርም፤ እኔንም አያውቀኝም። ሳጎርሰው እንግዳ ቤት እንደተቀመጠ ሰው ያፍረኛል። በቁሙ አባት አጣሁ ብዬ ፈራሁ።

ሐኪሙ «መድኃኒቱን እንዳታቋርጡ» ብሎ ካስጠነቀቀ በኋላ፣ «ተልባም ስጡት፤ ቅባቱ ለአንጎል ጥሩ ነው፤ ብግነት ሳያረግብ አይቀርም ይባላል። ብቻውን ግን አያድንም» አለን። የአባቴ ታላቅ እህት፣ ያቺ አክስቴ፣ ከዚህ ሁሉ የያዘችው ተልባን፣ ቅባትንና አንጎልን ብቻ ነው።

እኛ ዘንድ ራሱን ላመመው ሰው አናቱ ላይ ቅቤ ይደረግለታል። አክስቴም የሱቅ ዘይት በጠፋበት በዚያ ሰሞን ከየትም ብላ አንድ ጠርሙስ ተልባ አስጨምቃ መጣች። እኔ መድኃኒቱን ሳስውጠው፣ እሷ «ቢስሚላህ» ብላ አናቱን ታሸዋለች፤ ከዚያ በሻሽ ጠቅልላ ፊቱን ወደ ሐይቁ አዙራ ፀሐይ ላይ ታስቀምጠዋለች።

«እትዬ፣ የሚበላ እኮ ነው!» አልኳት።

«በአፍ ገብቶ፣ በሆድ ዞሮ መቼ ሊደርስ? አቋራጩ እያለ!»

ይህን ብላ ሻሹን አጠበቀችው።

በሳምንቱ ሻሹን ልፍታ ብል እምቢ አለ። ለካ የተልባ ዘይት ሲከርም ይደርቃል! ጨርቁና ፀጉሩ አንድ ሆነዋል። እኔ ከወዲህ፣ አክስቴ ከወዲያ ስንጎትት አባቴ እጁን ሰደደና አናቱን ኳ ኳ አደረገ። ዕድሜውን በአናጢነት የኖረ ሰው ነው፤ የሠራውን በር የሚቀባው በዚሁ ዘይት ነበር።

«እታለም፣» አለ ጥርት ባለ ድምፅ፣ «በር አደረግሽኝ?»

አክስቴ መሬት ላይ ዘፍ አለች። «አልሃምዱሊላህ! ዘይቴ!» ሐኪሙ በኋላ ያዳነው መድኃኒቱ መሆኑን ቢነግራትም እስከ ዛሬ አልተቀበለችውም። እኔ ያኔ ሆዴን ይዤ እንከተከታለሁ፤ መተንፈስ እስኪያቅተኝ።

አባቴ ወደ እኔ ዞረና ቆጣ አለ።

«አንቺስ ልጄ፣ እንዲህ ስታደርገኝ ቆመሽ ታያለሽ?»

ልጄ አለኝ። ሻሹን ለቅቄ አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ።