ቀዩ ይቆርጣል

ሰብለወርቅ ሰበታ ላይ በተከራየቻት ጠባብ ክፍል ውስጥ ሌዘር ማሽን ታሠራለች። አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ፣ ልጇን አዝላ፣ ሙያውን የተማረችው ከጓደኛዋ ከሬሐና ጋር አንድ ሱቅ ውስጥ ነው። ማሽኑ የሚያውቀው ቀለም ብቻ ነው። ዲዛይኑ ላይ ጥቁር የተቀባውን ክፍል ከላይ ከላይ ይቀርጻል፤ ቀይ የተቀባውን እስከ ታች ይቆርጣል። ቀረጻው ሁልጊዜ ይቀድማል፤ እንጨቱ ቀድሞ ከተቆረጠ ይንሸራተትና ሥዕሉ ይዛነፋል። ሬሐና በኋላ ቡራዩ ሄዳ የራሷን ሱቅ ከፈተች።

አንድ ቀን የሬሐና ማሽን ተበላሸና ደንበኛዋን ኦቦ ዲሪርሳን ወደ ሰብለወርቅ ላከቻቸው፤ ዲዛይኑንም በቴሌግራም። ሽማግሌው የሟች ባለቤታቸውን የሳጥን ክዳን ታቅፈው መጡ፤ ዋንዛ ነው። የወይዘሮ የሺወርቅ መልክ ተቀርጾበት፣ ዙሪያው ተቆርጦ ለግድግዳ እንዲሆን ነው።

"ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ከፈረሰው የለገጣፎ ቤታችን የተረፈን የእሷ ዕቃ ይኼ ብቻ ነው" አሏት።

"አይስጉ አባባ። ይቀመጡ።"

ክዳኑን ውስጥ አስተካክላ ማሽኑን አስነሳችው። ማሽኑ ዳር ዳሩን ዞሮ ቀጭን መስመር አሰመረና ጨረሰ። ሰብለወርቅ ቅር አላት። ጥቁሩ ይኼ ብቻ ነው? የሟቿ ፊትስ የታለ?

ነገሩን ሳታብላላው ማሽኑ ወደ መሐል ገባ፤ ሻሿ ላይ ሲደርስ ተንቀራፈፈ። ያ አካሄድ የመቁረጥ ነው። ጭሱ ቡልቅ አለ።

ማቆሚያውን በመዳፏ ደለቀችው።

ሽማግሌው ብድግ ብለው እጃቸውን ሰደዱ።

"እንዳይነኩት! ትንሽ ከተነቃነቀ አለቀልን!"

እጃቸው አየር ላይ ቀረ። እሷ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጋ ደወለች።

"አንቺ ሬሐና፣ ቀዩ ምንድን ነው?"

"ፊቷ ነዋ! የሰው ፊት፣ ያውም የሟች፣ ጥቁር እቀባለሁ እንዴ? የሚቆረጠው ጥቁሩ ነው። ድሮ ከተማርነው ቀይሬዋለሁ።"

"አልነገርሽኝማ!"

"አልጠየቅሽኝማ! ያ ረቢ፣ ቆረጠው?"

ሰብለወርቅ በማሽኑ መስታወት አጎንብሳ አየች። ወደ ሽማግሌው ዞረች።

"አባባ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሳላይ አስነሳሁት። ሻሿ ጫፍ ላይ እንጨቱ ተሰንጥቋል። ፊቷን አልነካትም።"

ጎንበስ ብለው አዩት።

"ሻሿ ነው?" አሉ። "እሱንስ በሕይወቷም እሳት ሲበላባት ነው የኖረው። ምድጃ ላይ አጎንብሳ ወሬ ትይዛለች!" ሊስቁ ሞከሩ፣ ድምፃቸው ከዳቸው። "ቀጥይ።"

ሰብለወርቅ ቀዩን ወደ ቀረጻ ለወጠች፤ ጥቁሩን ወደ መቁረጥ። ደግማ አየች፤ ሦስተኛም አየች። መብራት ባይሄድ ብላ እየተሳለች አስነሳችው፤ መዳፏን ከማቆሚያው አላነሳችም። ማሽኑ አሁን ወዲህ ወዲያ በፍጥነት ይመላለሳል። ግንባር ወጣ። ቅንድብ። አንድ ዓይን። አፏ ሲወጣ ኦቦ ዲሪርሳ ጠረጴዛውን ያዙ።

"ኢሼዳ" አሉ በሹክሹክታ። "እሷ ናት።"

ማሽኑ ቀረጻውን ጨርሶ ወደ ዳሩ፣ ወደ ጥቁሩ ሲያመራ ሽማግሌው ክንዷን ጨበጡ።

"መቁረጡን ተዪው፤ የእሷን ዕቃ ከነጠርዙ ስጪኝ።"

አቆመችው። መክደኛውን ከፍታ ክዳኑን ራሳቸው እንዲያነሱት ገለል አለችላቸው።