ሽማግሌዎቹ አንቀመጥም ያሉበት ቅዳሜ

ንጋት፣ ሊንውድ

ሰማዩ ገና አመድ እንደመሰለ የቤተ ክርስቲያናችን መኪና ማቆሚያ ደረስኩ። ሚኒባሱ ቀድሞኛል። ሹፌራችን ዳኒ የወረቀት ኩባያውን ይዞ በሩ ላይ ተደግፎ ያዛጋል።

«ሕይወት፣ ሊንዳ ኮል አድርጋ ነበር» አለኝ። «መንገድ ላይ ፒክ እናደርጋታለን። ሶ፣ በሰዓቱ ካልወጣን ሙዷ ይበላሻል፣ እወቂው።»

ሊንዳ የአስጎብኚ ድርጅቱ ባለቤት ናት። ከሲያትል ሰዎች እየጫነች የቀን ጉዞ ትወስዳለች፤ በእንግሊዝኛ፣ በስፓኒሽ፣ በቻይንኛ። በአማርኛስ ለምን አይሆንም ብዬ ወራት ሙሉ ጨቀጨቅኳት። በመጨረሻ «እሺ፣ አንድ ቅዳሜ ልይሽ» አለች። ውላችን ግልጽ ነው። ሰው ሰብስቤ፣ ከፕሮግራሙ አንድም ሳላጎድል አሳይቼ በሰዓቱ ከመለስኩ የአማርኛ ጉዞ ይኖራል፤ አስጎብኚዋም እኔ እሆናለሁ። ካልሆነ ቱክዊላ ከምሠራበት መጋዘን ወዴትም የለም።

እኔ ደግሞ ቆርጬ ነው የተነሳሁት። አገር ቤት ሳለሁ እንጀራዬ ቱሪስት ማስጎብኘት ነበር። ዲቪ ደርሶኝ ከመጣሁ ወዲህ የማስጎበኘው ካርቶን ብቻ ነው፤ ከመደርደሪያ ወደ መደርደሪያ። ካርቶን ደግሞ ጥያቄ አይጠይቅም፣ አይስቅም፣ አይገረምም። አንጀቴ አርሯል።

ተጓዦቼ ዘጠኝ የቤተ ክርስቲያናችን አዛውንቶች ናቸው። አለቃቸው ጋሽ ብርሃኑ ይባላሉ። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ወንድማማቾች በንግድ ሲኳረፉ፣ ከኤቨረት እስከ ቱክዊላ፣ በሲያትል ዙሪያ ባለ ከተማ ሁሉ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ባለቤታቸው እትዬ ሙሉ ጉልበታቸውን ተቀድደው ከዳኑ ገና ብዙ አልቆዩም፤ ምርኩዝ ይዘዋል፤ ደግፈን እናሳፍርዎ ሲሏቸው ይቆጣሉ።

መሳፈር ራሱን የቻለ ሥራ ነበር። «ይግቡ እንጂ!» «ኧረ እርስዎ ይቅደሙ!» «በጌታ፣ እንዴት አድርጌ!» ዘጠኝ ሰው በአንድ በር ፊት ተሰልፎ የሚገባ ጠፋ። ዳኒ በመጨረሻ ሁለተኛውን በር ከፈተውና ተገላገልን። ከዚያ ደግሞ ጸሎት። ጋሽ ብርሃኑ ለሹፌሩ፣ ለመንገዱ፣ ለአየሩ፣ እንዲሁም ለእያንዳንዱ ጎማ ለየብቻ ጸለዩ። ሊንዳን ስንጭናት አርፍደናል። ሽበቷን በአጭሩ የተቆረጠች፣ የተራራ ጫማ የተጫማች ሴትዮ ናት። «ጉድ ሞርኒንግ» ብላ የኋላው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

ረፋድ፣ የቅርጻ ቅርጹ መናፈሻ

ወደ ሰሜን፣ ወደ ኤቨረት ከተማ ነድተን ወደ ምሥራቅ ታጠፍን። ጉም የተኛበት ሸለቆ፣ እርጥብ መስክ፣ ላሞች፣ በመንገድ ዳር የእንጆሪ መሸጫ ዳሶች። ማይኩን ይዤ ስለ ወንዙ፣ ስለ ጎርፉ፣ መጀመሪያ እዚህ ስለኖሩት ሰዎች አወራሁ። የሚሰማኝ ነበር፤ የሚያንኮራፋም ነበር። እትዬ ሙሉ ቆሎ ያዞራሉ። ለሊንዳም ደረሳት፤ አንዲት ፍሬ አንስታ እንደ መድኃኒት ዋጠቻት።

መናፈሻው ጥድ የከበበው ኮረብታ ላይ ነው። ገና መኪናው ሲቆም የብረትና የድንጋይ ሥራዎቹ በዛፎቹ መሀል ታዩ። ጋሽ ብርሃኑ በመስኮቱ አሻግረው አዩና ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ይሄ ሁሉ የተቀረጸ ምስል ነው?»

«አዎ ጋሼ። የቅርጻ ቅርጽ መናፈሻ ነው ብያችሁ ነበር እኮ።»

«መናፈሻ ያልሽው ነው ጆሮዬ ላይ የቀረው። እንግዲያው እኔ አልወርድም።»

እሳቸው አልወርድም ካሉ ማን ይወርዳል? ዘጠኙም እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። ሊንዳ ከኋላ አንገቷን አስግጋ «ችግር አለ?» አለች። «ምንም የለም» አልኳት።

«ጋሼ» አልኩ፣ «ትእዛዙ አትስገድላቸው ነው የሚለው። እኛ ልናይ እንጂ ልንሰግድ አልመጣንም። የሚሰግድ ካገኘሁ እኔ ራሴ ለፓስተር እናገራለሁ።»

ጥቂት አሰቡ። ከዚያ ሆዳቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «ይህቺን ልጅ ማን መጋዘን አስገባት?» አሉና ወረዱ።

ዝገት የለበሱ ትልልቅ የብረት ሰሌዳዎች ፊት ቆምን። «ጀምረው ነው የተዉት?» ተባልኩ። ንፋስ ሲነካው ቀስ ብሎ የሚዞር የብረት ቀለበት ግን ሁሉንም አስቆማቸው። ወዴት እንደሚዞር እየተከራከሩ ቆዩ፤ እኔም ደስ አለኝ፤ አፌ ተፍታታ። ኩሬው ዳር ስንደርስ ጀርባዬን ወደ ሥራው ሰጥቼ ስለ ቀራጺዋ ሐሳብ ማብራራት ጀመርኩ። ሰዉ እኔን አያይም። ዞር ብል እትዬ ሙሉ ድንጋይ ላይ የተቀመጠችውን የነሐስ ሴት ነጠላቸውን አልብሰዋታል።

«እትዬ፣ ምን አደረጉ!»

«ሴት ልጅ አይደለችም እንዴ? ራቁቷን፣ በዚህ ብርድ!»

ጠባቂው «ፕሊስ! ዶንት ተች!» እያለ እየሮጠ መጣ። ነጠላውን አንስቼ፣ ይቅርታ ጠይቄ፣ እትዬ ሙሉን በክንዳቸው ይዤ አራቅኳቸው። ሊንዳ ከንፈሯን ነክሳ ወደ ኩሬው ዞራለች። ሳቅ ይሁን ንዴት አልገባኝም።

ቀትር፣ መንደሩ

አሜሪካ የመካከለኛውን ዘመን መንደር ከየት አመጣችው? አላመጣችውም፤ ራሷ ሠራችው። ያንን ዘመን የሚወዱ ሰዎች ጫካ መንጥረው፣ ጭቃ ለስነው፣ ሣር ከድነው የአውሮፓ ባላገር መንደር አቁመዋል። የሱፍ ካባ የለበሱ ወንዶች፣ ፀጉራቸውን በሻሽ የሸፈኑ ሴቶች፣ የእንጨት ጭስ ሽታ።

«የሣር ቤት ለማየት ነው ይሄን ሁሉ መንገድ የተነዳው?» አሉ እትዬ ሙሉ።

ፕሮግራሙ ሦስት ነገር ነው። አዳራሹ ውስጥ ምሳና የችሎት ትርኢት፣ ከዚያ ብረት ቀጥቃጩ፣ ከዚያ ሸማኔው ቤት። ብረት ቀጥቃጩ ቀደም ብሎ እንደሚዘጋ ሊንዳ በር ላይ አስታውሳኛለች።

አዳራሹ ረጅም ጠረጴዛ፣ የእንጨት አግዳሚ፣ በእንጨት ሳህን የቀረበ የምስር ሾርባ፣ ጥቁር ዳቦ ነው። በማዶ በኩል የተማሪዎች ቡድን ተቀምጧል። ምሳው እንደተጀመረ ትርኢቱ ገባ። ቀይ ካባ የደረበ ባላባት ከፍ ባለ ወንበር ተሰየመ። ቀይ ጢም ያለው ወጣት እጁን በገመድ ታስሮ ቀረበ። ጥፋቱ፣ ልጆቹ ሲራቡ ከባላባቱ ደን አጋዘን መግደሉ ነው። ቅጣቱ ከአገር መባረር። ባላባቱ ወደ ተመልካቹ ዞሮ «እናንተስ ምን ትላላችሁ?» አለ። ወጉ ተመልካቹ «ጥፋተኛ!» ብሎ እንዲጮህ ነው። ልጆቹ ማንኪያቸውን ጠረጴዛው ላይ እየደበደቡ «ጊልቲ! ጊልቲ!» አሉ። እኔም ተረጎምኩ።

ጋሽ ብርሃኑ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «ሽማግሌ ሳይገባበት ነው የሚፈረደው?»

«ጋሼ፣ ትርኢት ነው። ጨዋታ ነው።»

«ጨዋታ መሆኑ አልጠፋኝም፣ ልጄ። እነዚያን ሕፃናት ተመልከቻቸው። ሰው ይባረር እያሉ ማንኪያ ይደበድባሉ። እኛ ይሄን ሽበት ይዘን ተቀምጠን እንብላ?»

ጋቢያቸውን አስተካክለው ተነሱ። ሁለት ሰዎች ተከተሏቸው። ከዚያ ሌሎቹም፤ በመጨረሻ እትዬ ሙሉ ምርኩዛቸውን ይዘው። ዘጠኙም ባላባቱ ፊት ሄደው ቆሙ። ሰውዬው ደንገጥ አለ፤ ቢሆንም ከትርኢቱ ሳይወጣ፣ በእጁ አግዳሚውን አሳይቶ በክብር «ተቀመጡ፣ ደጎች ሆይ» አላቸው።

«እሺ ሳይለን አንቀመጥም በይው» አሉ ጋሽ ብርሃኑ።

እኛ ዘንድ የታወቀ ነው። ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ እሺ ሳይባል አይቀመጥም፣ እህል ውኃም አይቀምስም። ባላባቱ ይህን ከየት ይወቀው?

ሊንዳ ከጎኔ መጣች። «ሕይወት፣ ብረት ቀጥቃጩ ሊዘጋ ነው። ጨዋታ መሆኑን ንገሪያቸውና ይቀመጡ።»

«ነግሬያቸዋለሁ።»

«ታዲያ?»

ታዲያማ አንድ መንገድ ነበረኝ። ጋሽ ብርሃኑን ጠጋ ብዬ፣ ሥራዬ በዛሬው ጉዞ ላይ የተንጠለጠለ ነው፣ ለእኔ ሲሉ ይቀመጡ ብላቸው ያኔውኑ ይቀመጣሉ። ጠንቅቄ አውቀዋለሁ። ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። ሰዎቼ ከጠዋት ጀምሮ ሌላ ሰው የሠራውን ሲያዩ ዋሉ፤ አሁን ገና የራሳቸውን ይዘው ተነሱ። እኔ ነኝ የማስቀምጣቸው? ሊንዳን «ይቅርታ» ብዬ ሄጄ መሀል ላይ ቆምኩ።

ባላባቱ «ሕግ ሕግ ነው» አለ።

«ሕግ ይከበር» አሉ ጋሽ ብርሃኑ። «አልተበደሉም አላልንም። ተበድለዋል። ይሄም ልጅ አጥፍቷል። ነገር ግን ልጆች አሉት። ስለ እኛ ብለው ይተዉልን።»

ወደ እንግሊዝኛ መለስኩት። ባላባቱ ካባውን ነካካ፤ የተጻፈለት ቃል እዚህ ላይ አልቋል። «ዳግም ላለማጥፋቱ ዋሱ ማነው?» አለ።

ዘጠኝ እጅ ተነሳ። እትዬ ሙሉ ጨመሩበት፦ «እኔ እየመጣሁ አየዋለሁ በይው። መንገዱን አውቄዋለሁ።»

ሰው ሳቀ። ባላባቱ ግን ገና እሺ አላለም። የእትዬ ሙሉ ጉልበት ይንቀጠቀጣል፤ ወንበር ላምጣልዎ ብላቸው በዓይናቸው ገሠጹኝ። ከተማሪዎቹ አንዲት ልጅ ተነስታ «ፎርጊቭ ሂም!» አለች፤ ይቅር በለው ማለቷ ነው። ሌላዋ ተከተለች። ከዚያማ ማንኪያው እንደገና ተነሳ፤ «ፎርጊቭ ሂም! ፎርጊቭ ሂም!» ጣሪያው ሊነሳ ደረሰ።

«ይሁን» አለ ባላባቱ። «ምሬዋለሁ።»

ተቀመጡ ስላቸው ጋሽ ብርሃኑ ገና ናቸው። በዳይ ጉልበት ይሳም፣ ተበዳይ ያንሳው፣ ከአንድ ዳቦ ይቁረሱ። ሁለቱ ተዋንያን እየተያዩ የተባሉትን አደረጉ፤ ተቃቀፉ። ጋሽ ብርሃኑ መረቁ፣ እኛም አሜን አልን። ከዚያ በኋላ ነው የቀዘቀዘውን ሾርባ የበላነው።

ቀይ ጢሙ ወጣት ሽማግሌዎቹ መሀል ተቀምጦ ሲበላ ወደ እኔ ጎንበስ አለ። «ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ እባረራለሁ» አለኝ፣ «አንድም ሰው ተነስቶልኝ አያውቅም።» እየሳቀ ነበር የጀመረው፤ ሲጨርስ ግን አይስቅም ነበር።

ስንወጣ የብረት ቀጥቃጩ በር ተቆልፏል። የሸማኔውም እንዲሁ።

አመሻሽ፣ ወደ ሊንውድ

መኪናው ውስጥ መዝሙር ነው። ከፊቴ ያሉት እጅ እያጨበጨቡ ነው፤ እኔ ኋላ ሄጄ ሊንዳ አጠገብ ተቀመጥኩ።

«ሁለት ቦታ ጎድሏል» አለች።

«አዎ። ያጎደልኩት እኔ ነኝ። እነሱ አይደሉም። ተቀመጡልኝ ብላቸው ይቀመጡ ነበር።»

«ለምን አላልሻቸውም?»

«ከጠዋት ጀምሮ እነሱ ሲያዩ ነበር። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ግን መንደሩም እነሱን አየ። ከዚህ የበለጠ ጉብኝት አላውቅም። ሌላ ቅዳሜ ስጪኝ። ለሽምግልናው ጊዜ እመድብለታለሁ፤ ብረት ቀጥቃጩንም አሳያቸዋለሁ።»

ስልኳን አውጥታ የቀን መቁጠሪያዋን አገላበጠች። እኔም አልለመንኳትም፣ አላባበልኳትም።

«ይህ ወር ሞልቷል» አለች በመጨረሻ። «በሚቀጥለው አንድ ቅዳሜ አለኝ። አንድ ብቻ። ብረት ቀጥቃጩ ካልታየ አበቃ።»

«ኦኬ» አልኳት።

እሷን አውርደን ሊንውድ ስንደርስ ፀሐይዋ አልጠለቀችም ነበር። አዛውንቶቹ አሁንም በር ላይ «ይቅደሙ» እየተባባሉ ወረዱ። ጋሽ ብርሃኑ ወደ ኋላ ቀርተው «አለቃሽ ምን ስትልሽ ነበር?» አሉኝ። የውሉን ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳቸው። ፊታቸው ተለወጠ።

«ሥራሽ በዚህ ላይ መሆኑን ብትነግሪን እንቀመጥልሽ ነበር እኮ!»

«አውቃለሁ ጋሼ። ለዚያ ነው ያልነገርኳችሁ።»

እጃቸውን ራሴ ላይ አድርገው በዝግታ መረቁኝ፤ እንባዬ መጣ። ገና ቀና ሳልል ስልኬ ጠራ። የመጋዘኑ የፈረቃ ኃላፊ ነው፤ እሱም የእኛው ሰው ነው።

«ሕይወት፣ የሚቀጥለውን ወር ስኬጁል እያወጣሁ ነው። ቅዳሜዎቹን ኮንፈርም አድርጊልኝ።»

«ቅዳሜ አልችልም» አልኩት።

«የትኛውን ቅዳሜ?»

በእጄ ያለው አንድ ቅዳሜ ነው።

«ሁሉንም» አልኩት።