እግር ያለው ታንኳ

የልጄ ልጅ መሐል ሜዳ በመምህርነት ከተመደበች ገና ወራት ነው። ተማሪዎቿ ወንዙን ሁሉ በእግር የሚሻገሩ ናቸውና ታንኳ በዓይናቸው አላዩም። እሷ ደግሞ ካናዳ ያሉት ዌንዳት የሚባሉ ሰዎች ከዛፍ ቅርፊት የሚሠሩትን ታንኳ በትንሹ ሠርቼ ውኃ ላይ አሳያችኋለሁ ብላ ቃል ገባችላቸው። ቃሉን ሰጥታ ከጨረሰች በኋላ ወደ መንደራችን ወደ ቀየት፣ እኛ ዘንድ መጣች።

አሠራሩን በስልኳ ቪዲዮ አሳየችን። ሰውየው ቅርፊቱን ያጥፋል፤ ሴትዮዋ በቀጭን የዛፍ ሥር ትሰፋለች፤ ስፌቱን በሙጫና በስብ ይደፍኑታል።

“ይኼማ ስፌት ነው። ወስፌዬን አምጪ” አልኳት።

ባለቤቴ መደቡ ላይ ጋደም እንዳሉ፣ “የኖኅ ሚስት ተነሣች! እንስሳቱን ልሰብስብ እንዴ?” አሉ።

“እርስዎ ይበቁኛል” አልኳቸው።

የእነሱ ዛፍ እኛ ጋ የለም። የባሕር ዛፍ ቅርፊት በሙቅ ውኃ አለሳልሰን አጠፍነው፤ እኔ በቃጫ ሰፋሁት። በሙጫው ፈንታ ሰም በቅቤ አቅልጠን ቀባነው። ልጅቷ በሳፋ ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ፣ ከሥሩ እንደ መሶብ ክብ እግር በአክርማ ሣር አበጀሁለት።

ሳፋውን ይዛ ስትመለስ ዓይኗ እግሩ ላይ አረፈ።

“እማማ፣ ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?”

“መቀመጫው ነዋ። መቀመጫ የሌለው ዕቃ ይንገዳገዳል።”

“ታንኳ እኮ አይቀመጥም!”

“ሲደክመውስ?” አሉ ባለቤቴ።

እየሳቀች ሳፋው ውስጥ አስቀመጠችው። አክርማው ውኃውን መጠጠ፤ ታንኳው ወደ አንድ ጎን ዘንበል ብሎ ሰጠመ። ሳቋ ቆመ።

“ነገ ክፍሉ በሙሉ ይስቅብኛል” አለች።

ቢላዋ አንሥቼ እግሩን ቆረጥኩት፤ ወስፌው የበሳውን ቀዳዳ አንድ በአንድ በሰም ደፈንኩት። ከዚያ ወዲያ ልሞክረው አላልኩም። ሚኒባሱ እንዳያመልጣት በፌስታል ጠቅልላ ሄደች።

በሳምንቱ መጣች።

“እስኪደወል ተንሳፈፈ! ባቄላ ሁሉ ጫኑበት።”

“አልሳቁብሽም?”

“ሳቁ እንጂ። የእግሩን ነገር ነገርኳቸዋ!”

ባለቤቴ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ ሳብ አደረጉ።

ታንኳውን ተቀብዬ ጣቴን ወደ ውስጥ ሰድጄ ስፌቱን ዳሰስኩ። ሰሙ አልለቀቀም፤ ደረቅ ነው።

“ይሳቁ እንግዲህ” አልኳት።