በእማማ ዓመት የተቀላቀለው ወጥ

እሁድ ዕለት ከሰዓት፣ ድንኳን ሙሉ ሰው ፊት ቆሜ «አትብሉ!» ብዬ የጮህኩት እኔ ነኝ። አዎ፣ እኔው ነኝ... ቺሮ ያላችሁ መቼም ሰምታችኋል። ሰው አጣሞ ከሚያወራው ራሴ ልንገራችሁ ብዬ ነው።

አያቴ እማማ ደስታ ካረፈች ዓመት ሞላት። እኛ ጴንጤዎች ተዝካር አናወጣም፤ ግን የእማማን ዓመት እንዲሁ ዝም ብሎ ማሳለፍ አይታሰብም። እማማ እኮ እሁድ እሁድ ከሰው ሁሉ ቀድማ ቤተ ክርስቲያን ገብታ ወንበሩን የምትወለውል፣ የእናቶችን ጸሎት የምትመራ፣ ከዚያ ወጥታ ደግሞ የታመመ ሙስሊም ጎረቤት ሳትጠይቅ ቤቷ የማትገባ ሴት ነበረች። የተጣላ ባልና ሚስት የሚታረቀው እሷ ጓዳ ነው። ስለዚህ የምስጋና ጸሎት ይደረግ፣ ሰውም ይብላ ተባለ። ከበደሳም ከቦኬም ሰው መጣ።

እማማ ቤት ድግስ ሲኖር እርዱም ሁለት፣ ድስቱም ሁለት ነው። ድሮም እንዲሁ ነው። በጉን አጎቴ ጸልዮ አረደ። ፍየሉን ኦቦ አህመድ በራሳቸው ቢላ፣ ቢስሚላህ ብለው አረዱ። ኦቦ አህመድ አጥር ብቻ የሚለየን ጎረቤታችን ናቸው፤ እማማን እንደ ታላቅ እህታቸው ነበር የሚያዩዋት። የፍየሉን ወጥ የሠሩት ሚስታቸው አዴ ፋጡማ ናቸው... በራሳቸው ድስት፣ በራሳቸው ጭልፋ።

የከሰዓት በኋላው የአስር ሰላት ደረሰና አዴ ፋጡማ ሊሰግዱ ቤታቸው ገቡ። እኔ ወደ ድንኳኑ እንጀራ አመላልሳለሁ። ጓዳ ስመለስ የአጎቴ ሚስት ሰናይት ጭልፋ ይዛ ቆማለች። ሰናይት የአዲስ አበባ ልጅ ናት፣ የቤቱን ወግ ገና አልለመደችውም።

«ያኛው ድስት ጎድሎ ነበር፣ ከትልቁ ጨመርኩበት» አለችኝ ደስ ብሏት። «እንግዳ ፊት እንዳናፍር ብዬ።»

«የቱ ድስት?»

«ይሄ።»

የአዴ ፋጡማ ድስት! ክው አልኩ።

«ከዚህ ወጥ ወጥቷል?»

«አሁን ወሰዱት እኮ። ምነው?»

ነገርኳት። ፊቷ አመድ መሰለ። ከዚያ እጄን ጨምድዳ ያዘችኝ።

«ዝም በይ! በጌታ ዝም በይ! ማን ያውቃል? አሁን ብትናገሪ የእማማን ቀን ነው የምታበላሺው። ደግሞ ዘመኑን አታይም?»

አያለሁ። ማን የማያይ አለ? አንዱ በስልኩ ቀርጾ፣ የራሱን ወሬ ጨማምሮ ቢለቀው ከተማው ውስጥ ምን ሊከተል እንደሚችል... ማሰቡም ያስፈራል። እውነቴን ነው፣ ዝም ልል ምንም አልቀረኝም ነበር።

ግን እነዚያ ሙስሊም እንግዶች የእማማ ቤት ነው ብለው፣ አምነው ነው እጃቸውን የሚሰዱት። እጄን መንጭቄ ሮጥኩ።

ድንኳኑ ውስጥ፣ ምንጣፉ ላይ ትሪው ቀርቧል። ኦቦ አህመድ ጠቅልለው ወደ አፋቸው እየወሰዱ ነው።

«አትብሉ!»

ይዘምሩ የነበሩት እንኳ አቆሙ።

«ወጡ ተቀላቅሏል። ከኛ ቤት ሰው ነው፣ ሳያውቅ የጨመረው... ይቅርታ አድርጉልን» አልኩ።

ነጂብ ብድግ አለ። የኦቦ አህመድ የእህት ልጅ ነው፣ ጫት ነጋዴ፣ ቶሎ ቱግ የሚል።

«ሳያውቅ ነው ወይስ ሆን ብሎ? እ?»

ከኋላው አንዱ ስልኩን አውጥቶ ወደ እኔ አቀና። በኛ በኩል ደግሞ አጎቴ «ምን ማለትህ ነው አንተ?» እያለ ሲነሳ አየሁት። ወይኔ እማማ፣ ምን ጉድ አመጣሁ! አልኩ በልቤ።

ኦቦ አህመድ የጠቀለሉትን ትሪው ዳር ላይ አስቀመጡ። ጣታቸውን ቀስ ብለው ጠረጉ።

«ታኢ፣ ነጂብ» አሉ። አልተቀመጠም። «ታኢ ነው የምልህ! ቁጭ በል! አንተም ስልክህን ክተት።»

ነጂብ ቁጭ አለ። አጎቴም ተቀመጠ። ከዚያ ኦቦ አህመድ ወደ እኔ ዞሩ።

«የአባትሽ ሰርግ ዕለት እዚሁ ግቢ ተቀምጠን ነበር። ልንበላ ስንል አያትሽ ነጠላዋ መሬት እየተጎተተ እየሮጠች መጣች። ‹አህመድ፣ እንዳትበሉ! ስጋው ተነካክቷል፣ ጥፋቱም የኔ ነው› አለች። አማቾቿ ፊት! አንዳችንም አላወቅንም እኮ። ዝም ብትል በልተን፣ መርቀን ነበር የምንሄደው።»

ወደ ነጂብ ዘወር አሉ።

«አቦ ያኔ እኔም ተቆጥቼ ነበር። ግን ከዚያ ወዲህ በዚህ ቤት ‹ይሄ የማን እርድ ነው?› ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ዛሬም አልጠየቅኩም።»

ሰናይት እያለቀሰች ከጓዳ ወጣች። «እኔ ነኝ የጨመርኩት። ይቅር በሉኝ» አለች። ኦቦ አህመድም «ይቅር ብለናል፣ ልጄ፣ አይዞሽ» አሏት።

ይሄኔ አዴ ፋጡማ ሰግደው ሲመለሱ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ አገኙት። «ምን ሆናችሁ? ደግሞ ሌላ ሰው ሞተ እንዴ?» አሉ። ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ። ነጂብ ብቻ ሳቁን ሊውጠው እየታገለ መሬት መሬቱን ያያል።

ከአዴ ፋጡማ ቤት ሽሮ ተሠርቶ መጣ። የኛዎቹም ስጋውን ገፋ አድርገው ከሽሮው ተቋደሱ። ሲሄዱ ኦቦ አህመድ በሩ ላይ ትከሻዬን ነካ አድርገው «ለከርሞም ሳልጠይቅ ነው የምበላው» አሉኝ።

እማማ ከሞተች ወዲህ እንደዚያ ቀን አልቅሼ አላውቅም... በግና ፍየል በታረደበት ቤት ሽሮ በእንባ ያወራረድኩ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።